ቀበሌው ስለ ሰጠኝ ባል

ኅዳር ፲፪ ቀን፣ ፍኖተ ሰላም

ለክቡር አቶ ምናለ፣ የቀበሌያችን ዋና አስተዳዳሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያልጠየቅሁትን ባል ተመላሽ ስለማድረግ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቢሮዎ በተመላለስኩባቸው ሦስት ሳምንታት ጸሐፊዎ አንድ ቀን ሕክምና፣ አንድ ቀን ስብሰባ፣ አንድ ቀን ለቅሶ ሄደዋል እያሉ ስለ መለሱኝ፣ ከራሴ ጉዳይ ይልቅ የእርስዎ ድካም ያሳስበኝ ጀምሯል። እኔ ደኅና ነኝ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ እንደገና ባለትዳር ስላደረጉኝ ላመሰግንዎ ነው የምጽፈው፤ በእጅ ብሰጥ እንደ ቀደሙት ሦስት ደብዳቤዎቼ እንዳይጠፋ ብዬም ሰው ሁሉ እንዲያነበው በራችሁ ላይ ካለው ሰሌዳ ለጥፌዋለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ እማዋይሽ ዘሩ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ባለቤቴ አቶ ቢያዝን ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ከጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ላከራይ አስቤ ገና ለጎረቤት ሳልናገር፣ አንድ የማላውቀው ሰው ቀድሞኝ በቴሌግራም አከራያት። በማስታወቂያው ላይ ሰማያዊው በሬ፣ የዘይቱን ዛፌ፣ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ በርበሬ ስቀነጥስ ቁልጭ ብለን ወጥተናል። ከሥሩ «ጸጥ ያለ ግቢ፣ ውኃ የማይጠፋበት፣ በቀጥታ ከባለቤቱ፤ ግቢውን የሚጠብቁ እናት አሉ» ይላል። ውኃ የማይጠፋበት የሚለውን ሳነብማ እኔም ልከራየው ቃጥቶኝ ነበር።

አንደኛ፣ ተከራዮቹን በተመለከተ።

መጀመሪያ ከአዴት የተዛወረ መምህር ፍራሹን በባጃጅ ጭኖ መጣ። በማግስቱ ከጅጋ ባልና ሚስት አልጋቸውን ፈታተው በጋሪ አመጡ፤ ሁሉም ቀብድ ከፍለው፣ ሁሉም የማስታወቂያውን ስልክ ይዘው ነው። ከገበዝ ማርያም የመጡ አንድ አባወራ ደግሞ ለልጃቸው የተከራዩትን ቤት ሊያዩ ገብተው፣ ፎቶው ላይ ያለችው ጠባቂ እኔ መሆኔን ሲያውቁ ደመወዝሽን በወቅቱ ይሰጡሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይሰጡኝም አልኳቸው። ከልባቸው አዘኑ።

ሁሉንም እያዘንኩ መለስኩ። ሄቨን የምትባለውን ጤና ባለሙያ ግን መመለስ አቃተኝ። ልጅቱ ለሥራ ተመድባ ስትመጣ የያዘችውን ገንዘብ ሁሉ ለዚያ ስልክ ልካ፣ አንድ ሻንጣ አንጠልጥላ በሬ ላይ ቆማ ነበር። ግቢ አልኳት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አብራኝ አለች። ክፍሏን በሕግ ላከራያት ፈለግሁ፤ የዚህ ሁሉ መከራ መነሻም ይህች ፍላጎቴ ናት።

ሁለተኛ፣ አቤቱታዬን በተመለከተ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ስናገር፣ ቤቱ የእኔ ስለመሆኑ ከቀበሌ ማረጋገጫ አምጪ አሉኝ። ተገቢ ነው። ወደ እናንተ መጥቼም «ባለቤቱ ነኝ የሚል ሰው ቤቴን እያከራየብኝ ነው» ብዬ በእጄ ጽፌ አስገባሁ። ጸሐፊዎ ይህን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ «ባለቤቷ ነኝ የሚል ሰው» አድርገው ጻፉት። ቱ የነበረችው ቷ ሆነች። በእኛ ጊዜ ለአንዲት ፊደል ሙሉ ገጽ እንደገና እንመታ ነበር፤ ያ ኋላ ቀርነት ይሁንልንና፣ አሁን በአንዲት ፊደል ሌባ ባል ይሆናል። ከሳምንት በኋላም በእርስዎ ፊርማና ማኅተም መልስ ደረሰኝ፦ ጉዳዩ በባልና ሚስት መካከል የተፈጠረ አለመግባባት በመሆኑ በሽማግሌ እንዲያልቅ ተወስኗል።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎቹን በተመለከተ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባ ኪዳነ ማርያምና አቶ ዘሚካኤል መጡ። ትዳር ትዕግሥት እንደሚጠይቅ መከሩኝ። ሰውየውን ዓይቼው አላውቅም ብዬ ብምል፣ አቶ ዘሚካኤል የእሳቸውም ሚስት ሲጣሉ እንደዚሁ እንደሚሉ ነገሩኝ። በመጨረሻ ባለቤቴን ለማነጋገር ደወሉ። ወይ ጉድ! እኔ ስደውል የማያነሱት ሰውዬ ለሽማግሌ አነሱ። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፤ ብቻ አቶ ዘሚካኤል ቡሬ የሚሠራ ወንድ ልጅ ስላላቸው፣ ስልኩ ሳይዘጋ ቡሬ ላይ አንድ ርካሽ ቤት ተስማምተው ቀብዱን እዚያው ከሳሎኔ ላኩ። አባ ኪዳነ ማርያም ሲወጡ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሰውየው አንደበቱ የታረመ ነው። ብትታረቂው ይሻልሻል።»

አራተኛውን ግን በቀልድ አልጽፈውም።

ስሕተቱን ላሳርም ስመጣ ጸሐፊዎ የቤተሰብ መዝገቤን አወጡ። «የባለቤት ስም» ከሚለው ፊት ለፊት ቢያዝን ተብሎ ይነበባል። እሱን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። የአዲሱ ባለቤቴ ስም ስለማይታወቅ በቦታው የስልክ ቁጥራቸውን ጻፉ። ከዚያም ቤቱ የጋራ ሀብት ስለሆነ ያለ እሳቸው ፊርማ ማከራየትም ሆነ መሸጥ እንደማልችል፣ ማረጋገጫም እንደማይሰጠኝ፣ ሄቨን ግን ለባለቤቴ ከፍላ ስለገባች ሕጋዊ ተከራይ እንደሆነች በትሕትና አስረዱኝ። ክቡር ሆይ፣ ያንን ቤት ቢያዝን የመሠረቱን ድንጋይ አንድ በአንድ ከወንዝ በአህያ እያመላለሰ ነው የሠራው። ያን ቀን ከቢሮዎ እስከ ቤቴ በመንገድ ሙሉ እያለቀስኩ ሄድኩ። ያየኝ ይየኝ አልኩ።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን እለምናለሁ። ወይ ቷን ቱ አድርጉልኝ፣ የቢያዝንንም ስም ወደ ቦታው መልሱልኝ፤ እስክሪብቶ ከሌለ ይዤ እመጣለሁ። ወይ ደግሞ ባለቤቴን ፈልጋችሁ አምጡልኝ፤ የማድ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቷል፣ የእድር ድንኳን መትከልም ተራችን ደርሷል። ባል ከሆኑ ወግ ነውና ይምጡና ይሥሩ።

ፊርማዎ ሳይደክም፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ ወንበርዎም አንድ ቀን እርስዎን ለማየት እንዲበቃ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

እማዋይሽ ዘሩ
በራሴ ግምት የቤቱ ባለቤት፣ በእርስዎ መዝገብ የስልክ ቁጥር ሚስት

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ሄቨን ስልኳን ይዛ መጣች። አዲስ ማስታወቂያ ወጥቷል፦ «ሰባት ክፍል፣ ሰፊ ግቢ፣ የባንዲራ መስቀያ ያለው፣ በሥራ ሰዓት እንኳ ሰው ዝር የማይልበት ጸጥተኛ ቤት፣ በቀጥታ ከባለቤቱ»። ፎቶው የእርስዎ ቢሮ ነው፤ በመስኮቱ ባዶ ወንበርዎ ይታያል። ስልኩ መዝገቤ ላይ በቀይ የተጻፈው ነው። አራት ሰዎች ሰኞ ጠዋት ፍራሻቸውን ጭነን እንመጣለን ብለው ከሥሩ ጽፈዋል። ቢሮው የእርስዎ መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ካለዎት አዘጋጅተው ይጠብቋቸው፤ ከሌለዎት አባ ኪዳነ ማርያም እሑድ ይመቻቸዋል። ቀብድ እንዳይልኩ ሄቨን ለአራቱም ነግራቸዋለች። እንዳይመጡ ግን ልነግራቸው አልቻልኩም፤ ለዚህ የባለቤቴ ፊርማ ያስፈልገኛል።