ጥግ ላይ ያለው መንገድ

ይድረስ ለእህት ዓለም፤

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ወገብሽን ሻል አለሽ ወይስ እንደዚያው ነው? እኛ አለን። አባባም እኔም ደህና ነን። ደህና ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሳለሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር ከተሰማኝ ቆይቷል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አባባ ስሜን ያነሳሉ ወይ፣ ካላነሱኝስ መጥቼ ምን እፈይዳለሁ ብለሻል። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ስለ ሥራዬ ትንሽ ላጫውትሽ።

ማተሚያ ቤቱ በየዓመቱ ለቀን መቁጠሪያ የሚሆን የተፈጥሮ ፎቶ እንደሚያዘኝ ታውቂያለሽ። ተራራና ፏፏቴ ፍለጋ አገር ላገር ስዞር ነበር የምከርመው። ዘንድሮ አባባን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው ይወጣሉ። በሩን ብቆልፈው እስኪደክማቸው ይደበድቡታል። ስለዚህ ካሜራዬን አንግቼ ከኋላ ከኋላ መከተል ጀመርኩ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነዳጅ አያልቅበትም መሰለኝ፣ የሚደክመኝ እኔ ነኝ።

ሲቆሙ እቆማለሁ፣ ሲቀመጡ እቀመጣለሁ። ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ አረፍ ሲሉ እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ ዝቅታ ሳየው ያ ረግጠነው የምናልፈው ሣር ጫካ ሆኖ አረፈው። ድንጋይ የሚፈለጥበት ጉድጓድ ውስጥ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ አነሳሁት። አንድ ቀን ደግሞ የውሃ ታንከሩን ደረጃ ወጡ። ነፍሴ ተንጠልጥላ ተከተልኳቸው፤ ከላይ ሳይ የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ በጉም ተውጧል። ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር እንግዳ ሆንኩልሽ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ፎቶዎቹን አይቶ፣ ይሄ ሐይቅ የት አገር ነው አለኝ። ከቤቴ ጀርባ ነው ስለው ያሾፍኩበት መሰለው። ቅር ያለው ግን ሌላ ነገር ነበር። ይሄ መንገድ በሁሉም ፎቶ ጥግ ላይ ምን ይሠራል፣ ቆርጠህ አውጣልኝ አለ። እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ቤት ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ከወፍጮ ቤቱም፣ ከጉድጓዱም፣ ከታንከሩም፣ አውቶቡሱ የሚመጣበት መንገድ በቀጭኑ ይታያል። ቦታውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ ካሜራውን ትቼ እሳቸውን ማየት ጀመርኩ። አውቶቡሱ ዳገቱ ላይ ብቅ ሲል ከተቀመጡበት ይነሳሉ። ሩቅ ስለሆነ ፊት አይለይም፤ እሳቸው ግን ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከፌርማታው አይነቅሉም። ከዚያ ኮታቸውን አራግፈው፣ በሉ እንሂድ፣ ዛሬም አልሆነም ይሉኛል። አዎ፣ በሉ ነው የሚሉኝ። አንቱ ማለት ከጀመሩኝ ቆዩ። ማን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ፎቶ አንሺው ነኝ እላለሁ፤ ስላጀቡኝ እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን አልቅሻለሁ። አሁን ምንም አይለኝም፤ ሾርባቸውን አሙቄ አቀርባለሁ።

አንቺ የሄድሽ ቀን እሳቸው በሚነዱት አውቶቡስ ተሳፍረሽ፣ ከጀርባቸው ተቀምጠሽ፣ እስከ መጨረሻው ቃል ሳትለዋወጡ እንደደረሳችሁ ነግረሽኛል። ስትወርጂ ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም ብለሽ እስከ ዛሬ ታዝኛለሽ።

እንግዲህ መልሱ ይኸው፦ ስምሽን አያነሱም። አንድም ቀን አንስተው አያውቁም፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። ፎቶዎቹን ግን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። መንገዱን አልቆረጥኩትም። ባለ ማተሚያ ቤቱ ተቆጥቷል፤ ይቆጣ።

ባለቤትሽ በመኪና ላድርስሽ እንዳለ ጽፈሻል። እግዜር ይስጠው፣ ግን የምትመጪ ከሆነ በአውቶቡስ ነይ። ስትወርጂም አትቸኩዪ፤ በሩ ጋ ትንሽ ቆም በይ።

ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፤ ወገብሽን ይማርልሽ፤ መንገዱንም ጨርቅ ያድርግልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ፎቶ አንሺው