ለመኪናህ የሰፋው በር

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለሰፍወት በዩሚ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይ? የኩዌት ሙቀት ከአሁኑ ጀመራችሁ ወይስ ትንሽ ታገሣችሁ? ጾሙስ እንዴት ይዞሃል፤ ማፍጠሪያ የሚያቀርብልህ ሰው አገኘህ ወይስ እንደ አምናው ብቻህን ቴምር ይዘህ ነው አዛን የምትጠብቀው? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ ስለሚጀመር ነው እንጂ፣ እህትህ ኢንሽራህ ውሸት እንደማይሆንላት ታውቃለህ።

ባለፈው ደብዳቤህ መኪናዋ በደህና ደረሰች ወይ፣ ሚርፈት ወደደቻት ወይ፣ የሐጂ ሙተወሊ ቤትስ ምን አሉ ብለህ ጠይቀሃል። ደርሳለች። እስክንድርያ ወደብ ድረስ ሄዶ ያመጣት የእጮኛህ የሚርፈት ወንድም ኢሀብ ነው። በጣም ወደዋታል። እንዴት አድርገው እንደወደዷት ነው ዛሬ የምነግርህ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አንተ ስትሄድ የአማችህ የሐጂ ሙተወሊ ጣፋጭ ቤት፣ ያ ለማፍጠሪያ የሚበላው ኩናፋ የሚጋገርበት፣ ከበራችን ፊት ለፊት ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። አሁን የጎረቤቱንም ጨምሮ አስፍቷታል። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው፣ ያ የሚያህል ጠባብ መንገድ ረመዳን ሲገባ የዘይቱን ሰፈር ሰው ሁሉ ይሰለፍበታል። መኪናቸውን የት ያቁሙት? እኛ በር ላይ ነዋ! አባባ «በር ነው፣ አታቁሙ» ብለው በቀይ ቀለም ጽፈው ቢሰቅሉ አንዱ መጥቶ ኮቱን ሰቀለበት። ሌላውን «ወንድሜ፣ በር ዘግተሃል» ብለው «ጾመኛ ሰው አታናግሪ» አለኝ፤ እኔ የበላሁ ይመስል! አንዷ ደግሞ ኩናፋዬን ይዤ መውጣቴ ነው፣ ምን ያስቸኩልሻል፣ ባልሽ ጥሎሽ እንዳይሄድ ነው ብላ ሰልፉን በሙሉ አሳቀችብኝ። ባል እንደሌለኝ ሰፈሩ ያውቃል።

ቢሆንም ሰዉ ወጉን አይረሳም ነበር። ሰው በር ላይ ያቆመ ሁሉ መኪናውን ከማርሽ አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ ነው የሚሄደው። የተዘጋበት ሰው በትከሻው ገፋ አድርጎ ያልፋል። እኔና አክስታችን ኒማት መግፋት ስንጀምር የተሳደቡት ራሳቸው ከሰልፉ ወጥተው ያግዙን ነበር። እንዲህ እያልን ነው አባባን በአሮጌዋ ፊያት ለኩላሊት እጥበት የማመላልሳቸው። እግራቸው አብጦ እስከ ዋናው መንገድ መራመድ አይችሉም፤ ታክሲ ደግሞ በዚያ ግርግር ውስጥ አልገባም ይላል። ሰዓታቸው ካለፈ ማሽኑ ለሌላ ታማሚ ይሰጣል። ተራቸው የሚደርሰው ደግሞ ከአሱር ሶላት በኋላ ነው፣ ልክ ሰዉ ለኩናፋ በሚሻማበት ሰዓት።

በረመዳን መጀመሪያ ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ አባባን ፊያቷ ውስጥ አስቀምጬ በሩን ስከፍት መኪናህ ከዳር እስከ ዳር ሞልታው ቆማለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። የራሳችን ናት፣ ይህችስ አትቸግረንም ብዬ ትከሻዬን ሰጠኋት። ንቅንቅ አላለችም። ኢሀብ ማርሽ አስገብቶ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ቆልፎ ሄዷል፤ አዲስ መኪና የማንም እጅ አይግፋት ብሎ። ደግሜ ስገፋት ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ጮኸች።

ሮጬ ሐጂ ዘንድ ገባሁ። ከእንግዲህ አንቱ አልለውም፣ ይቅር በለኝ። ምን አንገበገበሽ፣ ኢሀብ እኮ ተኝቷል፣ ሲነሳ ያነሳታል አለኝ። ቀስቅሱት፣ አባቴ ሰዓታቸው እያለፈ ነው ብዬ ለመንኩት። ያለኝን ስማ፦ «ከባዳ ደጅ አቆምናት እንዴ? የአማቻችን ደጅ እኮ ነው። የእናንተ በር የኛም በር ነው።» ሚርፈት የጣፋጭ ካርቶን በክር እያሰረች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ክሩን ቆረጠችና ሌላ ካርቶን ጀመረች። እኔ ምንም አልጨምርም፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩልህ።

ስወጣ የሰልፉ ወንዶች መኪናዋን ከበዋታል። አንስተን እናስጠጋት የሚል አለ፤ አንዱ ደግሞ መስተዋቱን ሰብሮ ፍሬኑን ሊለቅ ጡብ አንስቷል። እኔም በለው ብዬ ነበር። አባባ ግን ከፊያቷ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ በዚያ በደከመ ድምፃቸው «ተዉ፣ እንዳትነኳት! የልጄ መኪና ናት» ብለው ጮኹ። ሁሉም እጁን ከመኪናዋ ላይ አነሳ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራም የነዱ ሰው፣ ሁሉ መንገድ ሲለቅላቸው የኖሩ ሰው፣ በወጥ ቤት ወንበር ተሸክመናቸው በትንሿ የእግር በር ወጥተው በኩናፋ ሰልፍ መሃል አለፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። በማግስቱ ሳይታጠብ የቀረው ውሃ ሳንባቸውን ሞልቶ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል አስተኟቸው። አላህ አትርፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ግን አልተመለሰም። ሐጂ ይቅርታ መጠየቁ ነው መሰል አንድ ትሪ ኩናፋ ላከልን። አክስት ኒማት ለውሻ ሰጠችው። ውሻው አሽትቶ ተወው ብልህ ደስ ባለኝ፤ ጥርግ አድርጎ በላው።

ታስታውስ እንደሆነ፣ ወደ ኩዌት የሄድክ ጊዜ አባባ አጥሩን አፍርሰው በሩን አሰፉት። ሰፍወት ትልቅ መኪና ይዞ ይመጣል፣ በዚህ ጠባብ በር አይገባም እያሉ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ግንበኛ አስጠርተው ያንኑ ትልቅ በር በጡብ አስደፈኑት። ለሐጂ ቤት ሰዎች ምን እንላለን ብላቸው፣ ምንም አትበዪ፣ በር ከሌለ ዘጋህ፣ አልዘጋሁም የለም አሉኝ። ፊያቷ ግቢ ውስጥ ቀርታ የኒማት ዶሮዎች ሰፍረውባታል። አሁን እጥበት ባለ ቀን፣ የኩናፋው ሰልፍ ሳይሞላ፣ ገና በጠዋቱ በወንበር ተሸክመን ዋናው መንገድ ዳር እናወጣቸዋለን፤ ፀሐዩን ችለው ታክሲ ይጠብቃሉ።

መኪናህም ተመችቷታል። ኢሀብ ቀኑን ሙሉ ከግንባችን ጥላ ሥር ያቆማታል። እኔ ጎማዋን ላስተነፍስ ስንቴ ተነስቼ ስንቴ ተቀመጥኩ። አባባ ግን ቤት በሚውሉበት ቀን ወንበራቸውን ከጎኗ አስወጥተው አቧራዋን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ተዉ እንጂ አባባ ብላቸው መልሳቸው ያው ነው፤ የልጄ ናት ይሉኛል።

አባባ ይህን ሁሉ እንዳልጽፍልህ አስምለውኝ ነበር። ትዳርህ እንዳይበላሽ ፈርተው ነው። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ማካካሻውን ከዒድ በኋላ እጾማለሁ። አንተም ከአማቾችህ ጋር የምትሆነውን አንተ ታውቃለህ።

አክስትህ ኒማት እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች፤ ስትመጣ በእግርህ ና፣ የእግር በር አልተደፈነም ብላሃለች። የቤቱ ሰው ይኸው ነው። አባባ ደግሞ የዘወትሩን ደብዳቤ የምጽፍ መስሏቸው ከአልጋቸው ሆነው ሰላምታቸውን አስጽፈውኛል፦ «መኪናዋ በጣም ታምራለች፣ ልጄ። እጅህ ይባረክ።»

እህትህ ኢንሽራህ

ዘይቱን፣ ካይሮ
ረመዳን ፳፭ ቀን ፲፬፻፲፬ ዓመተ ሂጅራ