በአንተ በኩል የቀረው ቧንቧ

ነገሌ ቦረና
የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ፊልቱ ላለው አባዬ፣

እኔ ቤት አላፈረስኩም። መጀመሪያ እሱን እንተማመን። «ከአስረኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ቤቴን አፈረሰችው» ብለህ ጮኸህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው፤ ከትናንት ጀምሮም አታነሳም። ስለዚህ ይሄን ወረቀት ለሾፌሩ ለአረሮ ሰጠሁት። መኪናው ምሳ ሰዓት ላይ ፊልቱ ይገባል፣ ከብት ገበያው በር ላይ በእጅህ ይሰጥሃል። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ለነገሩ ናጋ ነህ ወይ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን። ውሃ በሳምንት አንዴ ትመጣለች፣ እሷም ደስ ካላት።

አሁን የሆነውን ስማ። ወታደር እያለህ ከሞያሌ ያመጣኸው ባለ ሁለት ገንዳ መታጠቢያ፣ ጠዋት ጠዋት አንተ ወደ ካምፕ እማዬ ወደ ማስተማሯ ስትሮጡ እየተገፋፋችሁ ትታጠቡበት የነበረው፣ በአንተ በኩል ተሰነጠቀ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሁለት ዓመት የልብስ ሳሙና ማስቀመጫ ነበር። እማዬ ሳሙናውን ስታነሳ ስንጥቁን አየችና «እስከዳር፣ አንድ ይበቃኛል፣ ንቀይው» አለችኝ። አላለቀሰችም። ነቀልኩት።

ኮሪደሩ ውሃ ሞላ ያሉህ እውነት ነው። የከተማው ውሃ ስለጠፋ ቧንቧው ባዶ ነው ብዬ ፈታሁት፣ የጣሪያውን ታንከር ረስቼ። የሳምንት ውሃችን በእግሬ ስር ሄደ። ቧንቧ ሥራ የሚያስተምረኝ ኦቦ ሀላኬ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ስንለምነው የከረምነው ዝናብ አንቺ ጋ ኖሯል እንዴ?» አለኝ።

ወሬውን ያደረሰልህ ሰው ግን የቀረውንም ይንገርህ። ሁሉም «አዲሱን ባለ አንድ ገንዳ መሃል ላይ ስቀይው» ሲሉኝ በእማዬ በኩል ሰቀልኩት። የፍሳሹ ቀዳዳ ያለው በአንተ በኩል ስለሆነ ቱቦውን በግድግዳው ውስጥ አሻግሬ፣ ውሃው እንዳይቆም ዘቅዘቅ አድርጌ ገጠምኩት። ከገንዳው ስር ያለውን ሲፎን ሦስቴ ፈትቼ ሦስቴ አሰርኩት። አሁን ጠብ አይልም። ይሄን ስንተኛ ክፍል ነው የሚያስተምሩት?

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ወደ አንተ ገንዳ ይመጣ የነበረው የውሃ ቧንቧ። ኦቦ ሀላኬ «ከመገንጠያው ቁረጪው፣ ውሃ የማይሄድበት ቧንቧ ውስጡ ይበላሻል» ብሎኛል። ልክ ነው፣ ሙያው እንደዛ ነው። እኔ ግን ጫፉን ዘግቼ ተውኩት። «ለምን አልቆረጥሽም?» ሲለኝ «መጋዙ ዶልዱሟል» አልኩት። መጋዙን አንስቶ በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው። ከዛ መልሶ አስቀመጠው።

እማዬም ጠዋት ጥርሷን ስትቦርሽ ታየዋለች። ቁረጪው አላለችም።

ለምኜህ እንዳይመስልህ። ለጥምቀት እመጣለሁ ብለህ ቀረህ፣ በዓሉ ግን ያለ አንተም አለፈ። ትምህርት ቤትም አልመለስም፣ እሱን ተወው። ግን ነገ በጠዋት ኦቦ ሀላኬ ሲሚንቶና ሴራሚክ ይዞ ይመጣል፣ ግድግዳው ይዘጋል። ለመጋዙም አዲስ ምላጭ ገዝቷል። ሁለተኛ ሰበብ የለኝም።

መድኃኔዓለም ጉልበትህንም ልብህንም ያላላልህ።

ልጅህ እስከዳር ተክሉ

እማዬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ትገባለች። ቁረጡት በል ወይ ተዉት በል፣ ግን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገራት። ዛሬ ሳይመሽ ደውል።