ለአስረስ፣ ስለ ትርፉ ጎማ

ሐይቅ፣ ጥር 2015 ዓ.ም.

ውድ አስረስ፣

ይህን ወረቀት ይዞልህ የመጣው የእህትህ የሕይወት ባል ዋለ ነው። ምን እንደተጻፈበት እሱ አያውቅም፤ ሕይወት ግን ታውቃለች። ሰላምታዬ ይድረስህ፤ መቀበል አለመቀበሉን ላንተ ትቼዋለሁ።

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሃል? ስልክህን ከቀየርክ ዓመት አለፈው። በአሮጌው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አልነግርህም። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ እንደ ዘመድ ድምፅ ለምጄዋለሁ።

እኔ እንዳለሁ አለሁ። መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ዛሬም ባጃጅ ይቆምበታል፤ ግማሾቹን ሹፌሮች ግን አላውቃቸውም። ምሳ ሰዓት ዓሣ ቤት እሄዳለሁ። ሥጋ ሲሆን አንተ ከክርስቲያኑ ቤት፣ እኔ ከእስላሙ ቤት፤ ዓሣ ሲሆን አንድ ሳህን ላይ ነበርን። «ባድሩ፣ ይሄ ሐይቅ ባይኖር አብረን ሳንበላ እናረጅ ነበር እኮ» ትለኝ ነበር። አሳላፊዋ ከጦርነቱ በኋላ መጀመሪያ ሰሞን ትመጣለህ ብላ ትልቁን ሳህን ታቀርብልኝ ነበር። እኔም አታምጪው አላልኳትም። አሁን ትንሹን ነው የምታመጣው።

ሰው አጥቼ አይደለም። ኑርሀያት አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ አባቴም አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው። ግን በሆዴ የያዝኩት ነገር ስላለ ከማንም ጋር ደህና አድርጌ ማውራት አቅቶኛል። ሰው ሲያጫውተኝ ቶሎ ተነስቼ እሄዳለሁ። ኑርሀያት «አንተ ሰውዬ ከስደቱ የተመለስከው በግማሽህ ነው» ትለኛለች። ለእሷም አልነገርኳትም። መጀመሪያ ሊሰማው የሚገባው አንተ ነበርክ።

ጥቅምት 2014ን ታስታውሳለህ። ከውጫሌ በኩል ያለው ሕዝብ ከነከብቱ ከነልጁ በሐይቅ እያለፈ ወደ ደሴ ይፈስ ነበር። ሕይወትም ሸሽታ እናንተ ቤት ከገባች ሦስት ቀኗ ነበር። የመድፉ ድምፅ ከአምባሰል በኩል እየቀረበ መጣ። በዚያ ጠዋት እኛ እቃ ስንቋጥር እያለከለክህ መጥተህ በሬ ላይ ቆምክ።

«ባድሩ፣ የኋላ ጎማዬ ሄደ። ሽቦው ወጥቷል፣ መጣፍም አይሆን። ትርፉን ስጠኝ፤ እማዬን ደሴ ላድርሳትና እመልስልሃለሁ» አልከኝ።

ያን ሰሞን ጎማ ብርቅ ነበር። የሐይቅ ሱቆች ተዘግተዋል፣ ከደሴ የሚያመጣ የለም፣ ሹፌሩ የተቀደደውን በሽቦ እየሰፋ ነበር የሚነዳው። አንተ ትርፍህን ነሐሴ ላይ ጨርሰሃል። እኔ ግን ነበረኝ። አስረስ፣ ነበረኝ። አልጋ ሥር በጆንያ የጠቀለልኩት፣ ጥርሱ ያልተነካ ጎማ ከነቸርኬው ነበረኝ።

«የለኝም» አልኩህ።

«በመስከረም ገዛሁ ያልከኝሳ?»

«ሸጥኩት።»

ዓይን ዓይኔን አየኸኝ። ማል አላልከኝም። እኔው ነኝ ሳትጠይቀኝ «ወላሂ የለኝም» ያልኩህ።

ለምን እንዳልኩ ብነግርህ ሰበብ ይመስልብኛል፤ ቢሆንም እወቀው። የኔም ሦስቱ ጎማዎች አልቀው ነበር። ኑርሀያት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ሁለት ልጅ አለ፣ እግራቸውን የሚያማቸው አባቴ አሉ። መንገድ ላይ አንዱ ቢፈነዳብኝ እነዚህን ሁሉ ምን አደርጋቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ይህንኑ ብነግርህ ኖሮ ደግሞ ይገባህ ነበር። ምናልባት ሰው ተከፋፍለን በሁለት ዙር እናደርሳቸው ነበር፤ ምናልባት እናትህን እማማ ስህንን ከአባቴ ጎን አስቀምጠን አንተና እኔ በእግራችን እንገፋ ነበር። መላ ነበረው። እኔ መላውን ሁሉ በአንድ ውሸት ዘጋሁት።

«በል እሺ፣ በሰላም ድረሱ» ብለህ ጨብጠኸኝ ሄድክ።

ከዚያ መንገድ ላይ ደረስኩባችሁ። ሱሉላን አለፍ እንዳልን ከሩቅ በጀርባህ አወቅሁህ። እማማ ስህንን አዝለሃቸዋል፣ ነጠላቸው መሬት ይጎተታል፣ ሕይወት ከኋላ ጓዝ ተሸክማለች። ባጃጄ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ከኋላ ደግሞ የታጠፈ ፍራሽ ታጭቋል፣ ጎማው ከፍራሹ ሥር ነው። ፍራሹን ባወርድ አንድ ሰው፣ ያውም እንደ እማማ ስህን የከሳ ሰው፣ ይገባ ነበር። ትልቋ ልጄ «አባ፣ አስረስ! እማማ ስህን!» ብላ ጮኸች። እጅህን አነሳህ። እኔ ፊቴን ወደፊት አድርጌ ነዳጅ ሰጠሁት። ቆሜ ፍራሹን ሳወርድ ጎማው እንዳይታይብኝ ነበር ፍርሃቴ።

ያ ፍራሽ ደሴ ተጥሎ ቀረ። ጎማው ከሐይቅ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ሐርቡ ዞሮ በታኅሣሥ ሐይቅ ተመልሶ ሲገባ አንዲት ጊዜ እንኳ አልተፈታም። የፈራሁት ጎማ አልፈነዳም።

የእማማ ስህንን ነገር የሰማሁት ኮምቦልቻ ነው። አስማቸው ተነስቶባቸው፣ በማግስቱ ጢጣ ሳትደርሱ መንገድ ዳር አረፉ፤ እዚያው አጠገብ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ቀበራችኋቸው አሉኝ። ለቅሶ አልደረስኩህም። አንድ ከተማ ውስጥ ሆነን፣ የሐይቅ ሰው ሁሉ የተጠለለበትን ትምህርት ቤት እያወቅሁ፣ አልደረስኩህም። ከዚያ አንተ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድክ፤ ሐይቅ ነፃ ከወጣች በኋላም አልተመለስክም። ሰው «ሐዘኑ ነው፣ ቤቱን ማየት ጠልቶ ነው» ይላል። እኔም አዎ እላለሁ።

ባጃጅህ ግቢህ ውስጥ ነበረች። ዘራፊ የቀሩትን ጎማዎች ከነትርፍ ቸርኬው፣ ባትሪውን፣ መስተዋቱን ሳይቀር ወስዶባታል፤ በሆዷ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሸራ አለበስኳት። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር በአጥሩ ቀዳዳ አያታለሁ።

ያለፈው ረመዳን ሼሁን ጠየቅኋቸው። ስም ሳልጠራ፣ በሐሰት የማለ ሰው ምን ያድርግ አልኳቸው። «ተውበት ያድርግ፣ ይጹም፤ በመሐላው የተጎዳ ሰው አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። «እንግዲያ የሰው ሐቅ ጾሞ አይወጣም። ባለሐቁ ዘንድ ይሂድ» አሉኝ። ጾምኩ። ወደ አንተ መምጣቱን ግን ከወር ወር አሳለፍኩት። እንዲያው ባዶ እጄን ከምመጣ ባጃጅህን በእግሯ ላቁማት ብዬ ጎማ ፍለጋ ጀመርኩ።

አንዱ በእጄ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ። ሁለት ይቀረኛል። ሰላም ወረደ ቢባልም ጎማ አልወረደም። ሐይቅ የለም፣ ውጫሌ የለም፣ ደሴ ከሱቅ ሱቅ ብዞር «የለም»። ፒያሳ አካባቢ መስኡዳ የምትባል ሴት መለዋወጫ ትሸጣለች፤ ወደ እሷ ገባሁ። «የለም ወንድሜ፣ ካለቀ ቆየ» አለችኝ። እያለችኝ ከኋላዋ ከዘይት ካርቶኑ ሥር የጎማ ጠርዝ አየሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጨቃጨቃለሁ። ያን ቀን ግን ፊቷን ሳየው፣ አንተ በሬ ላይ ቆመህ ያየኸው ፊት ምን እንደሚመስል ገባኝ። በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥኩ።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ብላ ወጣች።

የማላውቃት ሴት ናት። ያወጣሁት ለእሷ ነው፤ ሁሉንም፣ ከወላሂው እስከ ፍራሹ ነገርኳት። ስጨርስ ገብታ ጎማውን አወጣችውና አጠገቤ አስቀመጠችው። «ለባለቤቴ ወንድም አስቀምጬው ነበር» አለች። «እኔም ዛሬ ዋሽቻለሁ። ውሰድ፣ ሌላ ሰው እንዳያይብኝ በጆንያ አድርገው።»

ሦስተኛው አልተገኘም። ከራሴ ባጃጅ ደህነኛውን ፈትቼ፣ በእሱ ቦታ አያ ኡስማን ጎሚስታው በሽቦ የሰፉትን አሮጌ ጎማ አሰርኩበት። የአንተን የገጠምነው ከእሳቸው ጋር ነው። ለጠፋው ቸርኬ ሁሉ ከውድቅ ባጃጅ አሮጌ አምጥተውልኝ ነበር። የአንዱ ቸርኬ ሁለት ክፋዮች በዝገት ተጣብቀው ዳዶው አልፈታ አለ፤ ነጭ ጋዝ አፍስሰንበት አደረ። በማግስቱ ሲላቀቅ አያ ኡስማን ከንፈራቸውን መጠጡ፤ «አሁን ይሄን ሰው ቸርኬ ብሎ ያስገጥማል?» አሉኝ። በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግነው፣ የውስጡን ጎማ ሳሙና ቀብተን አስገባነው፣ እንዳይቆነጠጥ በእጃችን እየዳሰስን ዳዶዎቹን በየተራ አጠበቅን። ስነፋው ትንሽ ጮኸና ሞላ። ሦስቱም ሲያልቁ ክሪኩን ዝቅ አደረግሁት፣ ባጃጅህ በራሷ ቆመች።

«አስረስ ሊመጣ ነው?» አሉኝ አያ ኡስማን፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለማን ነው ይሄ ሁሉ ልፋት?»

ክሪኩን ከሥሯ ጎትቼ አወጣሁ። እሳቸውም ካሮጌ ባትሪዎቻቸው አንዱን አውጥተው አሰሩልኝ፤ ባጃጅህ አሻፈረኝ እያለች በሰባተኛው ሙከራ ተነሳች። ያ የሞተርህ ድምፅ፣ መጨረሻ ላይ እንደሚስል ሰው የሚያደርገው፣ ከአጥሩ ውጭ ሲሰማ ጎረቤቶችህ «አስረስ መጣ!» ብለው ወጡ። እኔን ሲያዩ ተመለሱ።

ባለፈው ማክሰኞ ወደ ውጫሌ ነዳኋት። ሰው ቢያስቆመኝም አልጫንኩም፤ የሰው ባጃጅ ናት። ሕይወት ደጅ በርበሬ አስጥታ አገኘኋት። ሞተሩን ስትሰማ ብድግ ብላ ነበር፤ ከውስጥ እኔ ስወርድ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አያ ባድሩ፣ ከየት አገኘህላት ጎማ?» አለችኝ።

ቆሜ ነገርኳት። ስጨርስ ጎንበስ ብላ በርበሬውን ማገላበጥ ቀጠለች። 

«እማዬ ምን እንዳለች ልንገርህ ባድሩ?» አለች በመጨረሻ። አያ የሚለውን አስቀርታዋለች። «ያን ቀን አልፈኸን ስትሄድ አስረስ በገነ። ‹ጎማው አለው፣ ዋሽቶኛል፣ ዓይኑ ላይ አይቼዋለሁ› አለ። እማዬ ጀርባው ላይ ሆና ትከሻውን መታችው። ‹አፍህን ያዝ! ባድሩ ቢኖረው አይከለክለንም። የሰው ልጅ አትማ› አለችው። ከዚያ ወዲያ ትንፋሿ ያዛት። እኛን ያናገረችን የመጨረሻው እሱ ነው።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሕይወት ውሃ አመጣችልኝ፤ ግን አላባበለችኝም። ለአንተ ትንገርልኝ እንደሆነ ስጠይቃት «እኔ አልነግርልህም። እጅ አለህ፣ ጻፍ» አለችኝ። ቁልፉን ሰጥቻት በሚኒባስ ተመለስኩ።

አስረስ፣ ስለዚህ ታውቅ ነበር። አውቀህም ስለ እናትህ ቃል ዝም አልክ። ዝምታህን እስከዛሬ ሐዘን ነው እያልኩ ራሴን አታልያለሁ። አንተ ልክ ነበርክ፤ ያን ቀን እማማ ስህን ያለ ጥፋትህ የተቆጡህ በእኔ የተነሳ ነው፤ ለእኔ ብለው ነው። እናትህ ስለ እኔ ደግ አስበው ሞቱ፤ እኔ ያን ሰው አልነበርኩም። ይህን በገዛ እጄ ጽፌ፣ ስሜን ከሥሩ አድርጌ እንድታገኘው ነው የፈለግሁት። ለሕይወት ነግሬያለሁ፤ ይህን ወረቀት ዘግቼ እንደጨረስኩ ለኑርሀያት እነግራታለሁ። ሐይቅ ውስጥ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ይቅርታውን ስትችል፤ ባትችልም አልፈርድብህም።

ቅዳሜ ጢጣ እሄዳለሁ። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ምሥራቅ በኩል፣ ከወይራው አጠገብ እንደሆነ ሕይወት ነግራኛለች። ምን እንደምላቸው አላውቅም። ያልደረስኩትን ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ስደርስም መጀመሪያ «እማማ ስህን፣ ነበረኝ» እላቸዋለሁ።

ባድሩ