በስምህ የመረመርኩት ናሙና

ለባሌ ለጌታነህ፣

ከተለያየን ዓመት ከአሥር ቀን ሆነን። ሙት ዓመትህን ቢቸና አውጥተን ሞጣ ከተመለስኩ ወዲህ እንቅልፍም ሥራም እምቢ ብሎኛል። ቤታችን ደህና ነው። የጓሮውን በር አስጠግኛለሁ። የሒሳብ መጻሕፍትህን ለትምህርት ቤትህ ሰጠሁ፤ ቀይ እስክሪብቶዎችህን ግን መስጠት አቃተኝ።

የምጽፍልህ ለሌላ ነገር ነው። ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ምንይችል፣ የሙት ዓመቱ እንግዳ ሲበተን ወደ ጓዳ ጠርተው አንድ ነገር ነገሩኝ። በሽታህ ገና ሳይታወቅ ደም አየሁ ስትለኝ የሰገራ መያዣ ሰጥቼህ ነበር። በማግስቱ የምሠራበት ላቦራቶሪ ድረስ አመጣህልኝ፤ ራሴ መረመርኩት፤ ደም የለበትም። ደስ ብሎኝ ኪንታሮት ነው አልኩህ። ለካ ናሙናው የእሳቸው ኖሯል! እኛ ዘንድ ሰንብተው ነበርና ለምነሃቸው። "ሚስቴ የእኔን ካየች በኋላ እንዴት አንድ ማዕድ እንቀርባለን?" አልክ አሉ። ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ። ከስምንት ወር በኋላ ባሕር ዳር ሐኪሞች ሲያዩህ በሽታው ጉበትህ ድረስ ዘልቆ ነበር።

ጌታነህ፣ ምን እንደሚሰማኝ ራሴም አላውቅም። ዓመት ሙሉ ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ስል ኖሬአለሁ። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ የሰዉን ናሙና ሦስት ጊዜ እደጋግማለሁ። ውጤቱ ትክክል እንደነበር ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ እፎይታ ነው። ባሌ ሞቶ እፎይ አልኩ! ከዚያ ተናደድኩብህ፣ ከዚያ አፈርኩ። የቱ ላይ እንደምረጋ እንጃ።

ሕመምህም አልገባኝም። ያከመህን ሐኪም ደውዬ ጠየቅሁት። በትልቁ አንጀት ካንሰር ብዙ ጊዜ፣ የሴሉን ቅርጽ ደግፈው የሚይዙትን ፕሮቲኖች የሚያሠሩ ጂኖች ሳይበላሹ ተዘግተው ይገኛሉ አለኝ። ከጂኑ ጽሑፍ አንድ ፊደል ሳይጎድል ኬሚካል ይለጠፍባቸውና ሴሉ ማንበቡን ይተዋል። ያንተ እንዲያ ይሁን አይሁን ማንም አልመረመረም። ደህና የተቀመጠ ነገር ለምን አይነበብም? ማን ዘጋው? ዕድሜ ነው? ምግብ ነው? ሐኪሙም ይህ ነው ብሎ አልቆረጠልኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ላቦራቶሪ ቆሜ ይህን ለጋሼ ምንይችል ማስረዳት አቃተኝ። እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ለእኔና ለልጆቼስ ይተርፋል ወይ?" ብዙውን ጊዜ አይወረስም፣ ወንድም ግን ይመርመር ተብያለሁ። እሳቸውም ሰሞኑን ደም አይተዋል። ማክሰኞ ባሕር ዳር ይዣቸው እሄዳለሁ። እኔን እንዳያፍሩ ከበር ውጭ እጠብቃለሁ ብያቸዋለሁ።

አልረሳህም። ለሰው የማወራውን ጨዋውን መምህር አስታውሳለሁ፤ ያታለለኝንም አስታውሳለሁ። ይቅር ልበልህ አልበልህ ገና አላውቅም። ግን ጌታነህ፣ አልጋ ከያዝክ ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ በእጄ ያጠብኩህ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀንም አልተጸየፍኩህም።

ሚስትህ ጥሩወርቅ