በዴቅ ስም የተጻፈው ቤት

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017

ውድ እህቴ ኤብላ፣

አዲጋላ ከተማ እህትሽ ዘንድ መግባትሽን ሰምቼ ነው የምጽፍልሽ። ስልኬን አታነሺም፤ እውነትሽን ነው። ድሬዳዋ ስላደግሽ አማርኛ ከኔ እኩል ታነቢያለሽ፤ ነገሩን ከሰው አፍ ከምትሰሚው ራስሽ ብታነቢው ይሻላል።

መጀመሪያ የተገናኘነው ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ነበር። ወደ ሀርሺን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ሰፈራችሁን ከተማው ሊረከብና አቅም ለሌለው ሰው ቤት ሊሠራበት ወስኖ፣ እኔ ነዋሪውን እንድመዘግብ ተላክሁ። ቤቶቹን ከነደፉት አንዷም እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን ጎጆሽ ደጃፍ ላይ ዘርግቼ እየተፍለቀለቅሁ ሳሳይሽ፣ "አንቺስ የት ነው የምትኖሪው?" አልሽኝ። ተከራይ መሆኔን ስነግርሽ ሳቅሽብኝ።

"ወላሎ፣ እህቴዋ፣ መጀመሪያ ለራስሽ አንድ ሳዪ እንጂ።"

ከዚያ ቅጹን አወጣሁ። ጎጆው የማን እንደሆነ ጠየቅሁሽ።

"የኔ ነዋ።"

"ባልሽስ?"

"ዴቅ? ዴቅ እኮ እንግዳ ነው። አይሻ ከተማ ጭነት መኪና ላይ ይሠራል፣ በወር አንዴ ብቅ ይላል። ከተጣላን ጫማውን ይዞ ይወጣል። በኛ ባህል ጎጆ የሴት ነው። እንጨቱን ያጎበጥኩት እኔ፣ ጎጆው የሚለብሰውን ምንጣፍ የሠራችው እናቴ።"

ቀልድ መስሎኝ አብሬሽ ሳቅሁ። ቅጹ ላይ ያለው "አባወራ" የሚል አንድ መስመር ነው። እኔ ደግሞ መቶ አርባውን ቤት በስድስት ቀን ጨርሼ ቢሮ ውስጥ ስሜ እንዲነሳ ቸኩዬ ነበር። እኛ ቤት ሁሉም ነገር በአባቴ ስም ነው፤ ሌላ ዓይነት ቤት ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። "ዴቅ" ብዬ ጻፍኩ። ለአንቺም አላነበብኩልሽም።

ቦታው ሊለቀቅ ሲል ጎረቤትሽ ማርዎ "አዲሱን ሳላይ ጎጆዬን አልነካም" ብላ ነበር። ያግባባሻት አንቺ ነሽ። "ማህደር ቃል ገብታልናለች" አልሻት፤ ከዚያ የራስሽን ጎጆ ከሁሉ ቀድመሽ በእጅሽ ፈታሽ። ሁለት ዓመት ሰው ቤት ተጠግተሽ ጠበቅሽ።

ቁልፍ የታደለ ዕለት አዲስ ድርዕ ቀሚስ ለብሰሽ ከፊት ተቀምጠሻል። ቡድን መሪያችን ትግሉ ስም ሲጠራ ከኋላ የተነሳው ዴቅ ነው፤ እዚያ አይሻ ከተማ ያገባት አዲሷ ሚስቱም አብራው ነበረች። አንቺ ግን እሱን አላየሽም። ዞረሽ ያየሽው እኔን ነው።

"ማህደር፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ስም ነው?"

የማላውቅ መስዬ ወረቀት አገላበጥኩ። ትግሉ "የባልና ሚስት ጉዳይ እቤታችሁ ጨርሱት" አለ። ዴቅም ሰው እንዲሰማው "ማን አባረራት? ሁለቱም ይግቡ" አለ። ቤቱ እንደሆነ አንድ ክፍል ነው።

"እኔ ቤቴን አፍርሼ ሰጠሁ፤ እሱ ምን አፈረሰ?" አልሽ። ትግሉ ቀጣዩን ስም ጠራ። ወጣሽ።

ያኔ ተነስቼ "ነግራኛለች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" ብል ኖሮ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ይቀር ነበር። ለእንጀራዬ ፈራሁና ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት መዝገቡን አውጥቼ አየሁት። ጎጆውን ራሳቸው ሠርተው እኔ በባሎቻቸው ስም የጻፍኳቸው ሴቶች ዘጠና ሦስት ናቸው። አብዛኞቹ ዛሬ ከባሎቻቸው ጋር ሰላም ናቸው፤ ቤቱ የነሱ ይመስላቸዋል። ማርዎም እንደዚያው። ነገ ከእሷ ጀምሬ በየበሩ እየዞርኩ እነግራቸዋለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

ያንቺን ጉዳይ በተመለከተ፣ ቃሌን ጽፌና ፈርሜ ለቅሬታ ሰሚው አስገብቻለሁ። ኅዳር 20 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይታያል። ትግሉ "ሥራሽን ታጪበታለሽ፤ ደግሞም ቢፈረድላት ባዶ ቤት የለም" ብሎኛል። ባዶ ቤት ስለሌለ የተናገረው እውነት ነው፤ አልዋሽሽም። መጥተሽ ባዶ እጅሽን ልትመለሺ ትችያለሽ።

ብትመጪ ግን ቁልፍ የታደለ ዕለት የጠየቅሽኝን ጥያቄ እዚያው ሰው ፊት ድገሚልኝ፤ እመልስልሻለሁ። ባትመጪም ብቻዬን ቆሜ እናገራለሁ። ይቅርታሽን ቤት ሳይኖርሽ አልጠይቅም።

ስምሽን መጻፍ የነበረባት፣
ማህደር