ስለ ልጆቼ ዋንዛና ስለ ክቡር እንግዳው ጉድጓድ

ለተከበሩ አቶ አድማሴ
የቀበሌያችን የአረንጓዴ ዘመቻ አስተባባሪ
ጎንደር፣ ጥቅምት 2007 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱስ በደህና ወጣልዎ? እኛ ደህና ነን፤ የእርስዎ ጤና ግን ያሳስበናል። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለምባል፣ ይህን ሁሉ ስብሰባ የሚችል ወገብ አላህ ያጽናልዎ ብዬ መርቄ እመለሳለሁ። አራት ጊዜ እንዲሁ ስለተመለስኩ አምስተኛውን ምርቃት በጽሑፍ አድርጌዋለሁ፤ ሰውም አሜን እንዲልልኝ ደብዳቤውን ግልጽ አድርጌዋለሁ።

እኔ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ የምሸጥ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በቀበሌው አዳራሽ ሰብስበውን፣ ልጅ አካባቢውን መንከባከብ የሚማረው ከቤቱ ነው፣ እናት አባት ያልሠራውን ልጅ አይሠራውም ብለው ሲያስተምሩን፣ ከፊት ተቀምጬ ራሴን ስነቀንቅ የነበርኩት ሴት ነኝ። ሌላው ሰው የሰማውን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ትቶ ሲወጣ እኔ ሞኟ ይዤው ቤቴ ገባሁ።

ጎረቤታችን አያ ወልደ ዮሐንስ ከጠዳ እርሻቸው አንዲት የዋንዛ ችግኝ አምጥተው ሰጡን፤ ከአጥራችን ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር ተከልናት። ውሃ በሳምንት አንዴ ብቅ በሚልበት ሰፈር ችግኝ ማሳደግ ቀልድ አለመሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ስለዚህ በቤታችን ሕግ ወጣ፦ ለሶላት ስንታጠብ ከእጅና ከእግራችን የሚወርደው ውሃ በሳፋ ተጠራቅሞ ለዋንዛዋ ይሆናል። ወንዝ ዳር ቆመውም ቢሆን ውሃ ማባከን በሃይማኖታችን የተጠላ ነውና ባለቤቴ ዐብዱልከሪም ሕጉን ወደደው። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ ሃጂራ የሕጉ ዘበኛ ሆነች፤ አባቷ ሳፋውን ረስቶ ማንቆርቆሪያውን ካነሳ፣ አባዬ ዛፏ ጠምቷታል እያለች ታሳፍረው ነበር። ዋንዛዋም አላሳፈረችንም፤ በሦስት ዓመት ከባለቤቴ ቁመት አለፈች።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ባለፈው ሐምሌ ለዘመቻው ክቡር እንግዳ መጥተው ችግኝ የሚተክሉበት ቦታ ሲፈለግ ከሰፈሩ ሁሉ የእኛን አጥር ጥግ ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። እርግጥ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሠራተኞችዎ መንገዱን ዳርና ዳር በዶማ ቢሞክሩት ኮረት ብቻ ሆኖባቸው ሲያልባቸው ሳይ፣ ከዋንዛችን ሥር ያለው አፈር እኮ ለስላሳ ነው፣ ልጆቼ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠጥተውታል ብዬ በኩራት ነገርኳቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው። በማግስቱ ከገበያ ስመለስ ዋንዛችን ተነቅላ መንገድ ላይ ተጋድማለች፤ በቦታዋም ለክቡር እንግዳው እጅ የማይሻክር ሸጋ ጉድጓድ ተዘጋጅቷል።

ሁለተኛ፤ እንግዳው ሦስት ሰዓት ቢዘገዩም ልጆቻችን በዝናብ ቆመው ትዕግሥት እንዲማሩ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። በመጨረሻ ምን እንደተተከለ ያስታውሳሉ? ዋንዛ! ወይ ጉድ! ዋንዛ ተነቅሎ ዋንዛ ተተከለ፤ ያውም ከነጥቁር ላስቲኩ። ሃጂራ ከሰው መሃል ወጥታ፣ ላስቲኩ አልተቀደደም፣ ሥሩ ይታፈናል ብላ ስትናገር፣ እርስዎ ራስዋን ዳሰስ አድርገው፣ ጎበዝ ልጅ፣ ፎቶ እየተነሳ ስለሆነ ዞር በይ አሏት። ጎበዝ ስላሏት አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ የእንግዳውን ስም የያዘና መንካት ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ስላቆሙልን አመሰግናለሁ። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝና ላስቲኩን ቀድጄ ላውጣ ብዬ ለማስፈቀድ መጣሁ። ጸሐፊዎ ብርቱካን ደግ ልጅ ናት፤ እትዬ ፈትሂያ፣ እንግዳ የተከለውን ለመንካት የአስተባባሪው ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ። እንግዲህ እነዚያ አራት ምርቃቶች የተመረቁት በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን እንደ ምስጋና አድርጌ ልጽፈው አቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት ውሃ በመጣ ዕለት ሃጂራ ቧንቧውን ከፍታ ታጠበች፤ ሳፋውን አላስቀመጠችም። ታጥባ ስትጨርስም ሳትዘጋው ሄደች፤ ውሃው በበሩ ሥር ወጥቶ መንገዱን ያዘው። ተቆጣሁ፤ እጄንም አነሳሁ። እሷ ግን ሳትፈራ፣ እማ፣ ይሄ እኮ እኛ ቤት ብቻ የምንጫወተው ጨዋታ ነው፣ ውጭ እውነት አይደለም አለችኝ። ያነሳሁት እጅ ወረደ። ሄጄ ቧንቧውን ዘጋሁት። አያ ወልደ ዮሐንስ ሊያጽናኑኝ መጥተው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው የእንግዳውን ችግኝ ብዙ ካዩ በኋላ፣ ጉድጓዱ እንኳ ሸጋ ነው ብለው ሄዱ።

ክቡር ሆይ፣ ዛፌን አልጠይቅም። የተነቀለ አይመለስም። ካሣም አልፈልግም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ከስብሰባ የሚተርፍ ጥቂት ጊዜ ሲያገኙ ቤቴ ይምጡና፣ ያን ቀን በአዳራሹ ለእናትሽ የነገርኳት እውነት ነው ብለው ለልጄ ይንገሯት። እኔ ብነግራት አታምነኝም። እርስዎንም ላታምን ትችላለች፤ ቢሆንም ይሞክሩልኝ፤ እኔ አቅቶኛል።

ጉባኤዎ እንዲረዝም፣ ፎቶዎ እንዲያምር፣ ሰሌዳዎ ዝናብና ፀሐይ እንዳያደበዝዘው እየተመኘሁ፣ ለስላሳ አፈር በማቅረብ ለዘመቻው መሳካት ድርሻዬን የተወጣሁ፣

አክባሪዎ
ፈትሂያ ዐብዱረሕማን

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ችግኙ ደርቋል። በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የለጠፉትን ሪፖርት ሳነብ ግን የሰፈራችን ችግኝ ከጸደቁት መሃል ተቆጥሯል፤ እንኳን ደስ አለዎ። የሰባት ዓመቱ ልጄ ኢምራን ሪፖርቱን ያነበበ ይመስል፣ ዛሬም በየማለዳው ሳፋውን በሁለት እጁ ታቅፎ ይወጣና ያንን ደረቅ እንጨት ያጠጣል። ደርቋል ልለው ስንቴ በሩ ላይ ቆሜ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ለሚመጣው ሐምሌ እንግዳዎ አይጨነቁ፤ አፈሩ እንደለሰለሰ ይጠብቅዎታል።